104 በመቶ የተሳካ ዕዳ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። ዘንድሮ እኛ ሰፈር የተሰማው ግን ምሥራች ነው። ጎረቤቴ ጋሼ የዓመቱን የቁጠባና የዕዳ ዕቅዳቸውን 104 በመቶ አሳክተዋል። ሪፖርቱ የቀረበው ጳጉሜ 3 ቀን፣ ቡና ላይ ነው። ልጆቹ የሩፋኤልን ዝናብ እንጠመቃለን ብለው ዓይናቸው ደጅ ደጁን ያያል። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው መዝገቡን ገለጡ። እኔ የገባሁት ፈንዲሻ አምሮኝ ነበር። በኋላ ሳየው «ተጋባዥ እንግዳ» ተብዬ ተመዝግቤያለሁ።

የቤተሰብ ገንዘብ እንዴት እንደሚመራ መማር የሚሻ ሰው ሩቅ አይሂድ። ጎንደር ፒያሳ ላይ ባጃጅ ይያዝና እኛ ሰፈር፣ ማራኪ ይምጣ።

ነገሩ የተጀመረው አምና እንቁጣጣሽ ላይ ነው። ጋሼ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ወፍራም ጥቁር መዝገብ ገዝተው ገቡና በማስመሪያ አሰመሩት። ተራ ቁጥር፣ ተግባር፣ ዕቅድ፣ ክንውን፣ በመቶኛ፣ ምርመራ። መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ይህን ሰንጠረዥ ሲያይ ዕንባ ይተናነቀዋል። ግቡ ሁለት ነው። 60 ሺህ ብር መቆጠብ፣ ከአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የወሰዱትን 45 ሺህ ብር ደግሞ ሙልጭ አድርጎ መክፈል። 60 ሺህ ለ12 ሲካፈል በወር 5 ሺህ ይመጣል።

«ጳጉሜስ?» አሉ ባለቤታቸው እትዬ።

ጳጉሜ ደመወዝ የላትም፣ ሆድ ግን አላት። ጋሼ ጥያቄውን «ገንቢ አስተያየት» ብለው በቃለ ጉባኤ አስያዙና አለፉት። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው የስምንተኛ ክፍሉ ልጃቸው ነው። ጽሑፉ ያምራል።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ተጧጧፈ። ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ግምገማ አለ። በዓመት 12 ስብሰባ ታቅዶ 14 ተካሂዷል። ሁለቱ አስቸኳይ ናቸው። አንደኛው የተጠራው ዘይት ስላለቀ ነበር። አንድ ሰዓት ተኩል ውይይት ተደርጎበት በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፤ ዘይቱ ከሱቅ በዱቤ እንዲመጣ። ሌላ ቤት ቢሆን ልጅ ልከው ያስመጡት ነበር። ያለ ውሳኔ፣ ያለ ቃለ ጉባኤ፣ እንዲያው እንደ ዱር አውሬ።

ቀጥሎ የባንክ ደብተር ማውጣት መጣ። ሁለት ታቅዶ አራት ወጣ። አንዱ ለልጆች ትምህርት፣ አንዱ ለቤት መሥሪያ፣ አንዱ ለክፉ ቀን፣ አንዱ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም። እያንዳንዱ ውስጥ 50 ብር ገብቷል። ጎንደርን የማያውቅ ሰው በዚህ ሊስቅ ይችላል። እኛ ግን አገራችንን እናውቃለን። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከተማዋን ቆርቁረው ግንባቸውን አሠሩ። ልጃቸው ዮሐንስ መጡና የራሳቸውን አሠሩ። ኢያሱም የራሳቸውን። ዳዊትም፣ በካፋም፣ እቴጌ ምንትዋብም እንዲሁ። ሁሉም በአንድ አጥር ግቢ ውስጥ! ምንትዋብ ይህም አልበቃ ብሏቸው ቁስቋም ወጥተው ሌላ ጨመሩ። ያለውን ከመሙላት አዲስ መጀመር እዚህ የነገሥታት ወግ ነው። ጋሼ አራት ደብተር ቢያወጡ ምን ይገርማል?

አሁን ወደ ዋናው ጀብዱ ልምጣ። ዕዳው።

ጋሼ ታህሳስ ላይ የሳምንት እቁብ ገቡ። 50 ሰው፣ በሳምንት አንድ አንድ ሺህ ብር። እግዜር ሲሰጥ ሦስተኛው ዕጣ የእሳቸው ሆነ። ጥር በገባ ሰሞን ዋስ ጠርተው 50 ሺህ ብር ቆጥረው ተቀበሉ። በማግስቱ 45 ሺውን ወስደው ማኅበሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ዕዳ ተዘጋ። መዝገቡ ላይ 100 በመቶ ተጻፈ፣ ከሥሩም ሁለት ጊዜ ተሰመረበት። ለእቁቡ የቀረው 47 ሳምንትስ? እሱ ዕዳ አይደለም። እቁብ ነው። ዕዳ ማለት ደብዳቤ የሚጽፍልህ ነው። እቁብተኛ ደብዳቤ አይጽፍም፣ እሁድ በሩ ላይ ይቆማል እንጂ።

እጃቸው ላይ 5 ሺህ ብር ተረፈ፣ ጥምቀትም ደረሰ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለው እኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም። ከአዲስ አበባ ሁለት ዘመድ ከነልጆቻቸው መጡ፣ ከባሕር ዳር አንድ። የአርባ አራቱ ታቦት አገር እንግዳውን በሽሮ አይሸኝም። በግ አለ፣ ጠላ አለ፣ ለሦስት ሴቶች ጥልፍ ያለው ቀሚስ አለ። 5 ሺህ ብሯ ገና ከከተራው ቀድማ ውኃ ገባች። ግን ልብ በሉ፣ ጋሼ በዚያ ሳምንት ምንም ዕዳ የሌለበት ሰው ናቸው። ንጹሕ። ሌላ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሄዱ። ማስረጃቸውን አዩት። 45 ሺህ ብር በአንድ ቀን የከፈለ ሰው! ወዲያው 22 ሺህ ብር ፈቀዱላቸው። ዕዳ መክፈል ጥቅሙ ይሄ ነው። የማይከፍል ሰው ይህን ዕድል ከየት ያገኘዋል?

ሚያዝያ ላይ የእህታቸው ልጅ ተዳረች። አጎት ባዶ እጁን አይቆምምና ከወንድማቸው 20 ሺህ ወሰዱ። ይሄ ደግሞ ሥጋ ነው፣ ወንድም አይቆጠርም። ከሱቅ የሚመጣውም አይቆጠርም፤ ባለሱቁ የክርስትና ልጃቸው ነው።

የቁጠባው ነገር ብቻ ትንሽ ዘገየ። ሐምሌ ላይ መዝገቡ ሲታይ አራቱ 50 ብሮች ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ጋሼ ደነገጡ፣ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በስልካቸው 6 ሺህ ብር ተበደሩና 2,950 ብሩን ወዲያው ቆጠቡት። የቀረው ለልጆቹ ጫማ ሆነ። ጠቅላላ ቁጠባ 3,150 ብር። ጋሼ በጥቅምት 2010 ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ማለቱን በቃላቸው ያውቁታል። በ7 በመቶ ሲሰላ በዓመት 220 ብር ይሆናል። ኪሎ ቡና ባይገዛም ሽታው አለው። ለስልኩ ብድር የሚከፈለውን ብጠይቃቸው «እሱ ከገቢ ጎን አይጻፍም» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ አይጻፍም።

እንግዲህ ስሌቱን ተመልከቱት። ስብሰባ 117 በመቶ። መዝገብ መግዛት 100። የባንክ ደብተር 200። ዕዳ መክፈል 100። ቁጠባ 5። ይደመርና ለአምስት ይካፈላል። 104 በመቶ። ካልኩሌተር አውጥቼ ደግሜ አሰብኩት፣ ቅንጣት ስህተት የለበትም።

ይህን ሁሉ ሲሰማ ቆይቶ የስምንተኛ ክፍሉ ልጅ ሌላ ወረቀት ላይ ይደምራል። ለእቁቡ የቀረው 14 ሺህ፣ አዲሱ ማኅበር 22፣ ወንድም 20፣ ስልክ 6፣ ሱቅ 9። «አባባ፣ 71 ሺህ መጣልኝ» አለ። አምና 45 ነበር። ጋሼ አልተቆጡም። «እሱ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ መነሻ ነው» አሉት። መነሻ የሌለው ዕቅድ አይታቀድማ።

ሪፖርት ያለ ክፍተት አይሆንምና አንድ ክፍተት ተነሣ። እትዬ ናቸው። እትዬ መዝገብ የላቸውም። በርበሬ አዘጋጅተው ይሸጣሉ፣ ያገኟትን ከመቀነታቸው ጫፍ ይቋጥራሉ። በዓመት ውስጥ ለባለሱቁ 6 ሺህ ብር ከፍለው ኖሯል። እሱስ ባይከፈል 9 የተባለው 15 ይሆን ነበር። ትንሿ ልጅ ታማ በሌሊት ስትወሰድም የታክሲውና የመድኃኒቱ ከዚያው መቀነት ወጥቷል። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን አንድም ቀን አላሳወቁም፣ ዕቅድም አላስገቡም። ጋሼ አዝነው ተናገሩ። «ከሪፖርት ውጭ የሆነ እንቅስቃሴ» ተብሎ ተያዘ። ለአፈጻጸማቸው «ዝቅተኛ» ተሰጣቸው። እትዬ ሁለተኛውን ቡና ቀዱ።

ጋሼ ብቻቸውን ቢሆኑ ኖሮ እንዲህ አላደንቅም ነበር። ሰፈሩ ተከትሏቸዋል። አሁን እኛ ጋ መዝገብ የሌለው ቤት እንደ አላዋቂ ይታያል። ማዶ ያለው ልጅ በስልኩ ኤክሴል ሠርቶ ቀለም ቀብቶታል። ዕዳው ያለበት ረድፍ አረንጓዴ ነው። «ቀይ ሚስቴን ያስደነግጣታል» አለኝ። ከዚያም የማኅበር ዕለት ጠበል ጠዲቁ ቀርቦ ሰው ሰውን የሚጠይቀው «ስንት በመቶ ደረስክ?» ብሎ ሆነ። ስንት ብር አለህ የሚል ባለጌ ጠፍቷል።

ስብሰባው ሲያልቅ ጋሼን ቀስ ብዬ ጠጋ አልኳቸው። የካቲት ላይ 800 ብር ወስደውብኝ ነበር።

«ጋሼ፣ የእኔ ነገር ዝርዝሩ ውስጥ አላየሁትም።»

«አንተማ አበዳሪ አይደለህም እኮ ልጄ፣ ቤተሰብ ነህ» አሉኝ። ገጽ ገለጡና አሳዩኝ። «ባለድርሻ አካላት» በሚለው ሥር ስሜ አለ። ምርመራው ላይ እንዲህ ይላል፦ ግንኙነቱ በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል።

መስከረም 1 ጠዋት በሬ ተንኳኳ። የጋሼ ትንሹ ልጅ የአበባ ሥዕል ይዞ ቆሟል። ቢጫ አደይ፣ ከሥሩ «እንኳን አደረሰዎ»። ስገለብጠው ከአምናው መዝገብ የተቀደደ ገጽ ነው። ተራ ቁጥር 5፣ ቁጠባ፣ ዕቅድ 60,000። 50 ብር ሰጠሁትና እየሮጠ ሄደ። በአጥሩ በኩል የጋሼ ድምፅ ተሰማኝ።

«ስንት ሰጠህ? ና ወዲህ፣ አዲሱን መዝገብ አምጣው። ገቢ በልና ጻፍ።»