ላቦራቶሪው ለዋርዱ ይደውል

ደሴ ውስጥ ስለ ሕክምና ሲወራ የሚነሳው ሐኪሙ ነው። ከኮምቦልቻም ከሐይቅም የሚመጣው ታማሚ «ጎበዝ ዶክተር ማን ነው?» ይላል። ስለ ላቦራቶሪው የሚጠይቅ እምብዛም የለም። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ግን ኩላሊቱ እየደከመ ምንም ላይሰማው ይችላል። ሐኪሙም በዓይኑ አይቶ አያውቀውም። የሚያሳየው የክሬያቲኒን ምርመራ ነው፤ ክሬያቲኒን ኩላሊት ከደም አጣርቶ የሚያስወጣው ቆሻሻ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የደሴ ሆስፒታል ሲዘረፍ ይህ በደንብ ታይቷል፤ ሐኪም ቢኖር እንኳ ያለ መሣሪያ እጁ የታሰረ ነው።

ማሽን መግባቱ ግን ብቻውን አይበቃም። ደም ከተቀዳ በኋላም ሴሎቹ ስኳር መጠቀማቸውን አያቆሙም። የናሙናው ፈሳሽ ከሴሎቹ ሳይለይ ከቆየ ስኳሩ በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። አንዳንዴ አስታማሚው ቱቦውን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ በባጃጅ ወደ ውጭ ላቦራቶሪ ይዞት ይሄዳል። ደሙ ሲቀዳ ወይም በመንገድ ሲንገላታ ቀይ ሴሎቹ ከፈነዱ ደግሞ በውስጣቸው ያለው ፖታሲየም የተባለ ማዕድን ይፈስና ውጤቱ ያለ አግባብ ከፍ ይላል። ፖታሲየም ቀላል ነገር አይደለም። በእውነት በጣም ከፍ ካለ ልብ ሊያቆም ይችላል። በውሸት ከፍ ካለ ደግሞ ታማሚው የማያስፈልገውን መድኃኒት ይወስዳል። ይህን ለይቶ «ናሙናው ይደገም» የሚለው የላቦራቶሪ ባለሙያው ነው። እኔ ይህን ሥራ ሕክምና ነው የምለው።

ስለዚህ ውጤት በመስኮት መስጠት ብቻ አይበቃም። ፖታሲየም 7 ሲወጣ፣ ማለትም አደገኛ ሆኖ ከፍ ሲል፣ ወረቀቱ አስታማሚ መጥቶ እስኪወስደው መቀመጥ የለበትም። ስኳር በጣም ወርዶ 40 ሲሆንም እንደዚያው። ባለሙያው ወዲያው ስልክ አንስቶ ዋርዱን ይንገር። ሥራ ይበዛበታል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፣ ይበዛበታል። እንዲህ ያለ ውጤት ግን በየደቂቃው አይወጣም።

ሐኪሞችም ድርሻ አላቸው። የምርመራ መጠየቂያው ላይ ስምና ዕድሜ ብቻ ጽፎ መላክ ይቅር። በሽታው ምን ተጠርጥሯል? ምን መድኃኒት ይወስዳል? ደሙ በስንት ሰዓት ተቀዳ? ተረኛው የሚገኝበት ስልክ ቁጥርም ይጻፍበት። ዋርድ ውስጥ ስልኩን ያነሳው ሰው ደግሞ የታማሚውን ስምና የውጤቱን ቁጥር መዝግቦ፣ ለላቦራቶሪ ባለሙያው መልሶ ያንብብለት።