ሌባውን የማያገኘው ቁልፍ

በሶፍትዌር ላይ የሚገጠመው የቅጂ መከላከያ፣ ማለትም ያልተከፈለበት ግልባጭ እንዳይሠራ የሚያግደው ቁልፍ ሁሉ የሚመጣው በሌባ ስም ነው። ሌባው ግን ከቁልፉ ጋር እምብዛም አይተዋወቅም። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ይሰብረዋል፤ የቀሩት የተሰበረውን ይገለብጣሉ። መለያ ቁጥር የሚያስገባውም ሆነ ኮምፒውተር በቀየረ ቁጥር ገዢነቱን የሚያስረዳው ገንዘቡን የከፈለው ነው።

ሴፍዲስክ በሲዲ የሚሸጡ የኮምፒውተር ጨዋታዎች ዋናው ሲዲ ካልገባ እንዳይከፈቱ የሚያደርግ ቁልፍ ነበር። ለዚህም ዊንዶውስ ውስጥ ዘልቆ የሚገባ አነስተኛ ፕሮግራም ይጭናል። ይኸው ፕሮግራም ለጥቃት የሚያጋልጥ ቀዳዳ ሆኖ በመገኘቱ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2015 ካወጣው ዊንዶውስ 10 አስቀረው። ደግ አደረገ። ይሁን እንጂ ሲዲውን ከነማሸጊያው በክብር ያስቀመጠው ገዢ ጨዋታውን መክፈት አቃተው። ቁልፉ የወጣለትን ቅጂ በነፃ ያገኘው ሰው ይህ ችግር አልነካውም።

ሲምሲቲ የተባለው የከተማ ግንባታ ጨዋታ ነገር ደግሞ ያስቃል። የጨዋታ ኩባንያው ኤሌክትሮኒክ አርትስ እ.ኤ.አ. በማርች 2013 ሲያወጣው ብቻውን ለሚጫወት ሰው እንኳ ያልተቋረጠ ኢንተርኔት ይጠይቅ ነበር። ሰርቨሮቹ፣ ማለትም ጨዋታው በኢንተርኔት የሚገናኛቸው የኩባንያው ኮምፒውተሮች፣ ጭነቱን አልቻሉም፤ ደንበኛው ለከፈለበት ጨዋታ ወረፋ ያዘ። ኩባንያው ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ማድረግ እጅግ ከባድ ነው ሲል ቆይቶ፣ በዓመቱ አደረገው።

እኛ ዘንድ ሲደርስ ጉዳዩ ከጨዋታ ያልፋል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ለሳምንታት ቆይቷል። ፈቃዱን በየጊዜው ከሰርቨር ማረጋገጥ ያለበት ሶፍትዌር በእንዲህ ያለ ወቅት የሚዘጋው በማን ላይ ነው? ሕጋዊውን በገዛው አርክቴክት ላይ ነዋ! የተሰበረውን የጫነው ጎረቤቱ ሥራውን ይቀጥላል። የውጭ ምንዛሪ ፈልጎ፣ የባንክ ካርድ ለምኖ የከፈለን ሰው እንዲህ እየቀጡ ስለ ሕጋዊነት መስበክ ድፍረት ይጠይቃል።

ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች የድካማቸውን ዋጋ ማግኘት አለባቸው፤ በዚህ ክርክር የለኝም። መንገዱም አለ። የፎቶና የዲዛይን ሶፍትዌር የሚሠራው አዶቢ፣ ሲኤስ2 የተባሉትን የቆዩ ምርቶቹን ፈቃድ የሚያረጋግጠውን ሰርቨር ሲዘጋ፣ ማረጋገጫ የማይጠይቅ ቅጂ ከነመለያ ቁጥሩ አቅርቧል። ይህ በኩባንያው ደግነት ላይ ብቻ የሚተው ነገር መሆን የለበትም፤ ገና ሲሸጥ በውሉ ይጻፍ። ሰርቨሩን የሚዘጋ ኩባንያ አስቀድሞ ቁልፉን ይፍታ፤ ግንኙነት ሲቋረጥም የተገዛው ፈቃድ ቢያንስ ለሦስት ወር ሳይጠየቅ ይሥራ።