ከርነሉ ጆሮውን ይደፍናል፤ የመሣሪያውን አፍ የሚዘጋው ግን ድራይቨሩ ነው

ላፕቶፑ ክዳኑ ተዘግቶ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲወጣ እንደ ምጣድ ግሏል፤ ባትሪውም ተሟጧል። ወይም ሲከፈት ስክሪኑ እንደጨለመ ይቀርና የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኖ ከማጥፋት በቀር መላ ይጠፋል። ባለቤቱ «ሊኑክስ መተኛት አያውቅበትም» ብሎ ይደመድማል። ከርነሉ፣ የሊኑክስ እምብርት፣ ግን የመተኛት ሥርዓት አለው፤ ሥርዓቱም በደንብ የታሰበበት ነው። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው አንድ ድራይቨር (አንድን መሣሪያ የሚያሠራ ፕሮግራም) ውስጥ ባሉ አሥርና ሃያ መስመሮች ላይ ነው። የድራይቨሩ ጸሐፊ ሁለት ጥያቄ ሳይመልስ አልፏል፦ መሣሪያው ኢንተራፕት (ፕሮሰሰሩን «አገልግለኝ» የሚል ምልክት) መላኩን የሚያቆመው መቼ ነው? የተቀመጠበት ባስ (ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚያገናኘው መንገድ) ኃይሉ የሚቋረጠው መቼ ነው?

ኮምፒውተሩ ሲተኛ ድራይቨሮች በአራት እርከን ይጠራሉ፦ ፕሪፔር፣ ሰስፔንድ፣ ሰስፔንድ ሌት፣ በመጨረሻም ሰስፔንድ ኖአይአርኪው፣ ማለትም ኢንተራፕት የሌለበት። ሦስተኛው አልቆ አራተኛው ከመጀመሩ በፊት ከርነሉ «ሰስፔንድ_ዲቫይስ_አይአርኪውስ» የሚባለውን ፈንክሽን ይጠራል። በ2009 የገባው ይህ ፈንክሽን የኢንተራፕት መስመሮችን ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ የድራይቨሮች ሃንድለር፣ ኢንተራፕት ሲመጣ የሚሠራው ኮድ፣ አይጠራም። ሲነቃ ነገሩ በተገላቢጦሽ ይሄዳል፦ መጀመሪያ ሪዚዩም ኖአይአርኪው፣ ቀጥሎ መስመሮቹ ይከፈታሉ፣ ከዚያ ሪዚዩም ኧርሊ፣ ከዚያ ሪዚዩም።

ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ከርነሉ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ ማለት መሣሪያው ዝም አለ ማለት አይደለም። ድራይቨሩ የሰስፔንድ ተራውን ጨርሶ ከወጣበት ቅጽበት አንሥቶ መስመሮቹ እስኪዘጉ ድረስ፣ ሌሎች መሣሪያዎች ተራቸውን እስኪያዳርሱ፣ ሃንድለሩ አሁንም ሊጠራ ይችላል። በመነሣት ጊዜም መስመሮቹ የሚከፈቱት የድራይቨሩ ሪዚዩም ከመጠራቱ በፊት ነው። አደጋው ያለው በእነዚህ ሁለት ክፍተቶች ውስጥ ነው።

አንድ የድምፅ ካርድና አንድ የዩኤስቢ መቆጣጠሪያ በፒሲአይ ባስ ላይ አንድ የኢንተራፕት መስመር ይጋራሉ እንበል። የድምፅ ካርዱ ድራይቨር በሰስፔንድ ውስጥ መሣሪያውን በገዛ እጁ ወደ ዲ3 ሆት፣ ወደ እንቅልፍ የኃይል ደረጃ፣ ያወርደዋል። ዩኤስቢው ገና አልተኛምና ይጮኻል፣ ማለትም ኢንተራፕት ይልካል። መስመሩ የጋራ ስለሆነ ከርነሉ ሁለቱንም ሃንድለሮች ይጠራል። የድምፁ ሃንድለር የሁኔታ ሬጂስተሩን (የመሣሪያውን ሁኔታ የሚይዝ ትንሽ ማኅደር) ያነባል፤ ነገር ግን ዲ3 ሆት ላይ ያለ መሣሪያ ለኮንፊገሬሽን (ለቅንብር) ጥያቄ እንጂ ለሜሞሪ ንባብ አይመልስም፤ ስለዚህ የሚመጣው መልስ 32ቱም ቢት 1 የሆነ ቁጥር ነው። ሃንድለሩ ይህን «ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ደረሰ» ብሎ ይተረጉመዋል። «ሁኔታው ዜሮ እስኪሆን ድረስ አስተናግድ» የሚል ሉፕ ካለው ደግሞ ከዚያ አይወጣም፤ ፕሮሰሰሩም ኢንተራፕት ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ያ የጨለመ ስክሪን እንግዲህ ይህ ሊሆን ይችላል።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። ትንሹ፣ የተነበበው ሁሉ 1 ከሆነ ሃንድለሩ «የእኔ አይደለም» ብሎ አይአርኪው_ነን እንዲመልስ ማድረግ ነው። ዋናው ግን የባሱን ኃይል ለባሱ መተው ነው። የፒሲአይ ኮር በኖአይአርኪው እርከን ኮንፊገሬሽኑን ራሱ ይይዛል፣ ተገቢውን የኃይል ደረጃ መርጦ ያወርዳል፣ ሲነቃም ወደ ዲ0፣ ወደ ሙሉ ኃይል፣ መልሶ የሚያስፈልገውን 10 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ማንም ሃንድለር በማይጠራበት ሰዓት ነው። ይህን ሥራ ቀድሞ በሰስፔንድ ውስጥ የሚሠራ ድራይቨር ትጋት ያሳየ ይመስለዋል እንጂ ክፍተቱን በራሱ እጅ ከፍቷል።

ለድራይቨሩ የሚቀረው መሣሪያውን ዝም ማሰኘት ነው፤ ቅደም ተከተሉም ዋዛ አይደለም። መጀመሪያ አዲስ ሥራ መቀበል ይቆማል። ከዚያ የኢንተራፕት ማስክ (መከልከያ) ሬጂስተሩ ላይ ይጻፋል፤ ወዲያውም ያው ሬጂስተር ተመልሶ ይነበባል፤ ለምን ቢሉ፣ በፒሲአይ ላይ የተጻፈ ነገር መንገድ ላይ ሊቆይ ስለሚችል መድረሱን የሚያረጋግጠው ንባቡ ነው። ቀጥሎ «ሲንክሮናይዝ_አይአርኪው» በሌላ ፕሮሰሰር ላይ የጀመረ ሃንድለር ካለ እስኪጨርስ ይጠብቃል። ወርክኪው፣ ሃንድለሩ ለኋላ ያቆየው የሥራ ሰልፍ፣ የሚሰረዘው ከዚህ በኋላ ነው። ቀድሞ ከተሰረዘ፣ ዘግይቶ የመጣ ሃንድለር ሥራውን መልሶ ሰልፍ ያስይዘዋል።

ትንንሽ ቺፖችን በሚያገናኘው በአይቱሲ ባስ ላይ ያለ የንክኪ ስክሪን ሌላ መልክ አለው። ቺፑ በአንድ ጂፒአይኦ (ለአጠቃላይ ጥቅም የተተወ) እግር ይጮኻል፤ ምን እንደተፈለገ ለማወቅ ግን ሃንድለሩ በአይቱሲ ማንበብ አለበት። የአይቱሲ መቆጣጠሪያው በተራው የሰስፔንድ እርከን ከተኛና ከዚያ በኋላ ጣት ስክሪኑን ከነካ፣ ንባቡ የተኛ ባስ ላይ ይወድቃል፤ ሎጉ ላይም «ትራንስፈር ዋይል ሰስፔንድድ» የሚል ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ሲነቃ ይብሳል፦ መስመሩ ተከፍቶ መቆጣጠሪያው ገና ካልነቃ ንባቡ ይከሽፋል፣ ቺፑ አልተነበበምና መጮኹን አያቆምም፣ ሃንድለሩም ደጋግሞ ይጠራል። የንክኪው ድራይቨር በሰስፔንድ «ዲስኤብል_አይአርኪው»፣ በሪዚዩም «ኢነብል_አይአርኪው» ይጥራ፤ መቆጣጠሪያውም በኖአይአርኪው እርከን ይተኛና ይንቃ። ይህ የሚሆነው መስመሩ የብቻ ሲሆን ነው፤ የጋራ መስመር ላይ «ዲስኤብል_አይአርኪው» የጎረቤትንም አፍ ይዘጋል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። መሣሪያው ሥርዓቱን አልቀሰቅስ ሲል ብዙ ጸሐፊዎች «አይአርኪውኤፍ_ኖ_ሰስፔንድ» የሚለውን ፍላግ (የምርጫ ምልክት) ይለጥፋሉ። ስሙ ያማልላል፤ ሳሩን እንጂ ገደሉን አያሳይም። ፍላጉ የሚለው «መስመሩን አትዝጋ» ብቻ ነው፤ «ቀስቅስ» አይልም። ለታይመርና ለመሰል ጥቂት ነገሮች የተሠራ ነው። በጋራ መስመር ላይ ሲሆን የጎረቤቶቹ ሃንድለሮችም ተኝተው ሳለ ይጠራሉ። በአትሜል ኤቲ91 ቺፖች ላይ ታይመሩ ከሰዓቱና ከሌሎች ጋር አንድ መስመር ስለሚጋራ፣ በ2015 «አይአርኪውኤፍ_ኮንድ_ሰስፔንድ» የሚባል ሌላ ፍላግ እስከመጨመር ተደርሷል። ለመቀስቀስ የተሠራው «ኢነብል_አይአርኪው_ዌክ» ነው፤ የሚጠራውም በሰስፔንድ ውስጥ፣ ተጠቃሚው መሣሪያው እንዲቀሰቅስ ከፈቀደ ብቻ ነው፤ በሪዚዩም በአጋሩ በ«ዲስኤብል_አይአርኪው_ዌክ» ይመለሳል። ኖ_ሰስፔንድን ከታይመርና ከመሰሎቹ ውጭ መጠቀምን የኮድ ገምጋሚዎች ያለ በቂ ማብራሪያ ማሳለፍ የለባቸውም።

ነገሩን ዛሬ የሚያከብደው ላፕቶፖች ከኤስ3 (ኃይል ከሚቆረጥበት እንቅልፍ) ወደ ኤስቱአይድል (ኃይል ሳይቆረጥ ሁሉም ሥራ ፈትቶ ወደሚቆይበት እንቅልፍ) መሄዳቸው ነው። በኤስ3 የድራይቨሩን ስንፍና ፈርምዌሩ (በቦርዱ ላይ የሰፈረው ሶፍትዌር) ኃይል ቆርጦ ይሸፍንለት ነበር። በኤስቱአይድል አንድ መሣሪያ ዲ0 ላይ ከቀረ ዋናው ቺፕ በሙሉ ወደ ጥልቁ እንቅልፍ ላይወርድ ይችላል፤ የቦርሳው ውስጥ ግለት መነሻ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። በረንታይም ፒኤም (ኮምፒውተሩ ነቅቶ ሳለ ሥራ የፈታ መሣሪያን በሚያስተኛው ዘዴ) ቀድሞ የተኛን መሣሪያም መርሳት አይገባም። ክሎኩ (የሥራ ምቱ) የተዘጋበትን ሬጂስተር በአርም ቺፕ ላይ መንካት ከርነሉን ሊጥል ይችላል። ከሰስፔንድ ሌት በኋላ ደግሞ ረንታይም ፒኤም ስለሚዘጋ «ፒኤም_ረንታይም_ጌት_ሲንክ» መሣሪያውን አይቀሰቅስም፤ የሚመልሰው ስሕተት ነው። የሚነቃ ነገር ካለ ቀድሞ፣ በሰስፔንድ እርከን ይንቃ።

ፍተሻው ርካሽ ነው። በሲስ ማውጫ፣ ፓወር ሥር ያለው የ«ፒኤም_ቴስት» ፋይል «ዲቫይስስ» ተጽፎበት እንቅልፍ ሲታዘዝ ሥርዓቱ መሣሪያዎቹን አስተኝቶ 5 ሰከንድ ይቆይና ይመልሳቸዋል። «ኖ_ኮንሶል_ሰስፔንድ» የሚባለው የከርነል ማስነሻ አማራጭ ሎጉን እስከ መጨረሻው ያሳያል። «ኮንፊግ_ዲበግ_ሺርክ» የሚባለው የከርነል መገንቢያ አማራጭ የጋራ መስመር ሃንድለርን ሆን ብሎ ባልታሰበ ሰዓት ይጠራል። ከዚያ «አርቲሲዌክ» የሚባለው ትእዛዝ በ30 ሰከንድ እንዲቀሰቅስ ተደርጎ መቶ ጊዜ ይደጋገም፤ ግን መሣሪያው ሥራ ፈትቶ አይሁን። የንክኪ ስክሪን ከሆነ ጣት ስክሪኑ ላይ እየተንቀሳቀሰ፣ የኔትወርክ ካርድ ከሆነ ፓኬት እየጎረፈ ይተኛ።