ማንም ፎቶ ያላነሳው መቀርቀሪያ

ወገኖቼ፣ ስለዚያች ልጅ ዛሬ የምጽፈው እኛ ስለ ረሳናት ነው። ስሟን አልጠራም፤ ስሟን ከበቂ በላይ አንሥተነዋል። ከዋናው መንገድ ዳር፣ ከልብስ ሰፊው ሱቅ አጠገብ ረከቦቷን ዘርግታ ጀበና ቡና ትሸጥ እንደነበር ግን የሰፈሬ ሰዎች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ከእጇ አንድ ስኒ ጠጥቼ አልፍ ነበር። ኪሴን ፈትሼ ዝርዝር ሳጣ «ግድ የለም ጋሼ፣ ነገ ይደርሳል» ትለኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ብላኛለች።

የሆነውን ከሥሩ ልንገራችሁ፤ ያን ጊዜ ከሥሩ የጠየቀ አልነበረምና። የክረምት ሌሊት ነበር። ልጅቷ የምትኖረው አንዲት አሮጊት ባልቴት ከሚያከራዩት ግቢ በስተኋላ ባለች አንዲት ክፍል ነው። በሩ ቆርቆሮ ነው፤ የሚዘጋውም በሁለት ምስማር በተያዘ ቀጭን የብረት መቀርቀሪያ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ከዚያ በፊትም ደጋግሞ መንገድ ላይ ያስቸግራት የነበረ አንድ ሰው አጥር ዘልሎ ገባና በሩን ይገፋ ጀመር። ልጅቷ ጮኸች። አከራይዋ ጩኸቱን ሁለት ጊዜ ሰምተዋል፤ ነገር ግን ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበው ከየት እንደሚመጣ ለመለየት ጊዜ ወሰደባቸው። ጋቢያቸውን ደርበው የጎረቤቱን በር እስኪያንኳኩ ድረስ መቀርቀሪያው ጎብጦ ተነቅሎ ነበር። ክፍሏ አንድ አልጋና አንድ የውሃ ባልዲ ብቻ የሚይዝ ነው፤ መስኮት የለውም፤ መውጫው ሰውየው የቆመበት በር ብቻ ነው። አንገቷን ሲይዛት እጇ ያገኘው ዘወትር ቡናዋን የምትወቅጥበትን ዘነዘና ነበር። አንድ ጊዜ መታችው። ሲወድቅ በላዩ ተሻግራ በባዶ እግሯ ወደ አከራይዋ ሮጠችና የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል «እትዬ፣ ሰው ጎድቻለሁ፤ ሐኪም ጥሩልኝ» የሚል ነበር። ሰውየው ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ዘግይቼ፣ ከአከራይዋ አንደበትና ፍርድ ቤቱ ካነበበው ፍርድ ነው። በዚያ ጠዋት የማውቀው ሌሎቻችሁ የምታውቁትን ያህል ነበር። ይኸውም ፖሊሶች አንዲት ልጅ የሰው ነጠላ አልብሰው፣ እጇን በካቴና አስረው ከግቢው ሲያወጡ ማየት ነው። ከሃያ የማያንስ ስልክ ወደ ፊቷ ተዘርግቶ ነበር። ነጠላውን ወደ ፊቷ ለመሳብ እጇን ልታነሣ ስትሞክር ካቴናው ያዛት፤ ያችው ቅጽበት ናት በፎቶ ቀርታ ከተማውን ያዳረሰችው። ከኋላ የቀረው ፖሊስ ከደጃፉ ጭቃ ላይ የጎበጠውን መቀርቀሪያ አንሥቶ በፌስታል ሲከት፣ መቀርቀሪያውን ፎቶ ያነሳ አንድም ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረግን እናስታውስ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ፌስቡኩም ቴሌግራሙም ፍርዱን ጨርሶ ነበር። «ፍቅረኛው ነበረች፤ ከሌላ ሰው ጋር ይዟት ነው» ያለ ነበር። «ገንዘብ ተካክደው ነው» ያለ ነበር። «ሌሊት በሩን ማን ከፈተለት?» ብሎ የጠየቀም ነበር፤ በሩ እንዳልተከፈተ፣ እንደተሰበረ ለማወቅ ሃምሳ እርምጃ መራመድ ብቻ በቂ ሆኖ ሳለ። በሌላው ወገን ደግሞ «እሰይ የኔ ጀግና! ሁሉንም እንዲህ ነው!» እያሉ ፎቶዋን በአበባ ያጀቡ ነበሩ። እነዚህኞቹም ስለ መቀርቀሪያው አልጠየቁም። ሟች እናት ነበረችው። እኚያ እናት የልጃቸውን አስከሬን ሳያጥቡ «ደግ አደረገች» የሚለውን ቃል ከጎረቤት ልጅ ስልክ ላይ ተነቦላቸው ሰምተዋል። ልጃቸው ያደረገው ክፉ ነው፤ ይህን ዛሬ ፍርድ ቤት አረጋግጦታል። ነገር ግን በዚያች ሰዓት ማናችንም አላወቅነውም፤ ሳናውቅ በሰው ለቅሶ ላይ እልል ማለትን ከየት ተማርነው?

እኔም ለጥፌያለሁ። ይህን ሳልናገር እናንተን ልገሥጽ መብት የለኝም። ፎቶዋን ከነፊቷ አወጣሁና ከሥሩ «በጠዋት ቡና የምታጠጣን ልጅ! መጮህ፣ መሸሽ አይቻልም ነበር?» ብዬ ጻፍሁ። ጥያቄ ይመስላል፤ ፍርድ ነው። ጮኻለች፤ ጩኸቷን ያልሰማሁት እኔ ተኝቼ ስለነበር ነው። መሸሻም አልነበራትም፤ ክፍሏን አይቼው ስለማላውቅ ግን መሸሻ ፈጠርሁላት። ከሁለት መቶ በላይ ሰው ተስማማኝ። ወገኖቼ፣ እኔ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3፣ ማለትም የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ መሆኑ በሕግ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት እንዳለው የሚደነግገውን፣ ለዓመታት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬያለሁ። ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ ከጽሑፌ ሥር «መምህር፣ ይህን እርስዎ አልነበሩም ያስተማሩን?» ብሎ ጻፈልኝ። አልመለስሁለትም። አስተያየቱን ሰው እንዳያየው አጠፋሁት። በዚህ ጉዳይ ካደረግሁት ሁሉ ይህን ለራሴ ይቅር ማለት አቅቶኛል፤ በችኮላ መሳሳት አንድ ነገር ነው፣ ያረመኝን ልጅ አፍ መዝጋት ግን አውቄ ያደረግሁት ነው።

«ራሴን ስከላከል ነው» የሚል ቃል ከተከሳሽ አፍ ሲወጣ ሕጉ የሚጠይቀው ብዙ ነው። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 78 ጥቃቱ ሕገ ወጥ መሆኑን፣ ያለቀለት ወይም የራቀ ሳይሆን የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆኑን፣ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል መሆኑን፣ አጸፋውም ከአደጋው ክብደት ጋር የሚመጣጠን መሆኑን ይመዝናል። እነዚህ ሁሉ የሚመዘኑት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በተፈጸመ ነገር ላይ ነው። የበሩ ስፋት፣ የመብራቱ መኖርና አለመኖር፣ የምቱ ቁጥር፣ የቁስሉ ቦታ፣ በመጀመሪያ የተሰማው ድምፅ የማን እንደሆነ፣ አንድ በአንድ ይጣራል። አንቀጽ 79 ደግሞ ከዚህም አልፎ ይሄዳል። የተጠቃው ሰው ከመጠን ያለፈ እንደሆነ ቅጣቱ እንዲቀልለት ያዛል፤ ከመጠን ያለፈውም ጥቃቱ ባመጣበት ፍርሃት ወይም ድንጋጤ እንደሆነ ፍርድ ቤቱ ጨርሶ ላይቀጣው ይችላል። አስቡት፤ ሕግ አውጪው በጽሕፈት ቤቱ ተቀምጦ የዚያችን ሌሊት ድንጋጤ አስቦላታል። ቡናዋን ስንጠጣ የኖርነው ግን አላሰብንላትም።

አባቶቻችን በዛፍ ጥላ ሥር «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ሲሟገቱ መንገደኛውን እንኳ አስቁመው ዳኛ ያደርጉት ነበር። መንገደኛው ግን ከሳሽንም ተከሳሽንም ፊት ለፊት አቁሞ፣ የሁለቱንም ቃል ሰምቶ ነበር ቃሉን የሚሰጠው። እኛ መንገደኞቹ ሳንቆም፣ ሳንሰማ፣ ታክሲ ውስጥ ተቀምጠን በአውራ ጣታችን እንፈርዳለን።

አዲስ ነገር አይደለም ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1996 በአርሲ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረስ የመጡ ሰዎች ጠለፏት። ሚስቱ ሊያደርጋት የፈለገው ሰው ጎጆ ውስጥ ዘግቶ ደበደባት፤ ደፈራት። በማግሥቱ ጠመንጃውን አገኘችና ይዛ ሮጠች። ተከትለው ደረሱባት። በመጀመሪያ ወደ ሰማይ ተኮሰች፤ ሰውየው መቅረቡን ባለማቆሙ ወደ እርሱ ተኮሰችና ሞተ። ያን ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው የ1949 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ተጠላፊዋን በሕግ ካገባት ከክስ ነፃ የሚያወጣ ነበር፤ በአካባቢው ሰው ዓይን ጠለፋ የጋብቻ አንዱ መንገድ ነበረና አጥፊ ሆና የታየችው ልጅቷ ነበረች። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ፣ ኋላ በ2011 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት፣ በኢትዮጵያ ሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበር በኩል ቆመውላት፣ ሁለት ዓመት ከፈጀ ክርክር በኋላ ራሷን ስትከላከል ያደረገችው መሆኑ ታምኖላት በነፃ ተለቀቀች። ኋላም እንደ እኛ አቆጣጠር በ1996 ታውጆ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ የጸናው አዲሱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ፣ በኋላ የሚፈጸም ጋብቻም ከክስ የማያስጥል ወንጀል አደረገው። ይህ ሁሉ ታላቅ ነገር ነው። ልጅቷ ግን ወደ ተወለደችበት መንደር ተመልሳ መኖር አልቻለችም። ፍርድ ቤቱ ያወጣትን መንደሩ አልመለሳትም።

ያን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስነግራቸው «በዚያ ዘመን፣ በገጠር» እያልሁ ነበር። በእኔ ሰፈር፣ አስፋልት ዳር፣ ኢንተርኔት ባለበት፣ ያው ነገር በእኔ እጅ ሲደገም አላወቅሁትም።

የእኛይቱ ልጅ በተራ የሰው ግድያ፣ በአንቀጽ 540 ተከሰሰች። ክሱ ከባድ ነውና በዋስ መውጣት አልተፈቀደላትም፤ አሥራ አራት ወር በማረፊያ ቤት ቆየች። መንግሥት ያቆመላት ተከላካይ ጠበቃ ወጣት ነበር፤ የሚገርመኝ የእርሱ ትዕግሥት ነው። ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን ካሰማ በኋላ ፍርድ ቤቱ እንድትከላከል ብይን ሰጠ። አከራይዋ በከዘራ ተደግፈው ቀርበው የሰሙትን፣ ሁለት ጊዜ የሰሙትን ጩኸት መሰከሩ። ኤግዚቢቱ ከፌስታሉ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ፤ ሁለቱ ምስማሮች ከመቀርቀሪያው ጋር እንደ ተንጠለጠሉ ነበሩ። ዳኛዋ አንሥተው ካገላበጡት በኋላ ለረጅም ጊዜ ሳይናገሩ ቆዩ ብለውኛል አከራይዋ። በነፃ ተሰናበተች። በዚያ ቀን በችሎቱ ውስጥ ከሰፈራችን የነበሩት አከራይዋ ብቻ ነበሩ። ፎቶዋን ካሰራጨነው ከሁለት መቶዎቹ፣ ከሺዎቹ፣ አንድም ሰው አልነበረም። እኔም አልነበርሁም።

ከወጣች በኋላ ወደ ቦታዋ ተመልሳ ረከቦቷን ዘረጋች። ዘጠኝ ቀን ሠራች። ሰዎች እያለፉ አይተዋት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ አንዳንዱ ከፊቷ ቆሞ ስልኩን አውጥቶ የድሮውን ፎቶ ከፊቷ ጋር ያስተያያል። አንድ ወጣት ዘነዘናውን እያመለከተ «ይሄ ነው?» ብሎ ጠየቃት። ቡና የገዛት እጅግ ጥቂት ነበር፤ እኔ በሌላ መንገድ ዞሬ እሄድ ነበር፣ አፍሬ። በአሥረኛው ቀን ቦታው ባዶ ሆነ። አከራይዋ ክፍሉን አልከለከሏትም፤ የከለከላት ሰፈሩ ነው። ወደ ሌላ ከተማ ሄዳለች፤ እዚያ የሚያውቃት እንደሌለ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ፎቶው ግን እስካሁን በየስልኩ አለ።

ወገኖቼ፣ የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። ዝም በሉ ብላችሁ አትሰሙኝም፤ እኔም ዝም አላልሁም። ስለ ወንጀል መናገር መብታችሁ ነው፤ ፖሊስ ሲያዳላ፣ ምርመራ ሲጓተት፣ የተበደለ ሰው ሰሚ ሲያጣ የእናንተ ድምፅ ብዙ ጊዜ ጠቅሟል። ነገር ግን የታሰረን ሰው ፊት አታውጡ። ስለ በሩ ሳታውቁ «ለምን አልሸሸችም?» አትበሉ፤ ስለ ሟች ሳታውቁም «ደግ አደረገች» አትበሉ። ክሱን ካወራችሁ ፍርዱንም አውሩ፤ ፎቶዋን ያየው ሰው ሁሉ በነፃ መሰናበቷን የማየት ዕዳ አለበት፤ ዕዳውም የእኛ ነው። ታደርጉታላችሁ ብዬ እርግጠኛ አይደለሁም። እኔ ራሴ የቀድሞ ጽሑፌን በድብቅ ካጠፋሁት በኋላ ሰባት ወር ሙሉ ምንም ሳልጽፍ ቆይቻለሁ።

ባለፈው ሳምንት ያን የቀድሞ ተማሪዬን ፈልጌ ደወልሁለትና ይቅርታ ጠየቅሁት። ብዙ አልተናገረም፤ «መምህር፣ እሷንስ?» አለኝ። ስልኳን የያዙት አከራይዋ ናቸው፤ ሄጄ ለመንኋቸው። «ቁጥሯን አልሰጥህም፣ የምትለውን ግን እነግራታለሁ» አሉኝ። ትክክል ናቸው። ዛሬ ጠዋት በዚያው ፎቶዋን ባወጣሁበት ቦታ ፍርዱን በቃላት ብቻ፣ ያለ ፎቶ፣ ከይቅርታዬ ጋር ጻፍሁ። እስካሁን ያዩት አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው። መቀርቀሪያው በአዲስ ተተክቷል፤ ክፍሉን አከራይዋ ለሌላ ሰው አላከራዩትም።