ከጂብሰሙ በፊት ምጣዱና ውሃው

ቤት የደረሰው ሰው መጀመሪያ የሚያፈላልገው የጂብሰም ሠራተኛ ስልክ ነው። ቁልፍ በተረከበ ማግስት የኮርኒስ ዲዛይን ከቲክቶክ ይመረጣል። የቲቪ ግድግዳ ይታሰባል፣ ሶፋ ፍለጋ ይዞራል። ወጥ ቤት ገብቶ "ምጣዱ የት ይሰካል?" ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል ባይ ነኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ለባለ ዕድሉ የሚሰጡት ሳያልቁ ነው። ፊኒሺንጉ የነዋሪው ዕዳ ነው። በ1997 ተመዝግቦ፣ በ2005 ምዝገባውን አድሶ፣ ከደመወዙ ላይ እየቆረጠ ዓመታት የቆጠበ ሰው ቅድመ ክፍያውን ሲከፍል እጁ ላይ የሚቀረው ትንሽ ነው። ያቺ ትንሽ ገንዘብ መጀመሪያ የት ትግባ? ጥያቄው ይሄ ነው።

ብዙ ቤት ውስጥ መልሱን የሚሰጠው "ሰው ሲመጣ ምን ይላል?" የሚለው ስጋት ነው። ይሉኝታችንን አልጠላውም። እንግዳ ማክበር መልካም ነገር ነው። ግን እንግዳው ለበዓልና ለልደት ይመጣል፤ ቤቱ ውስጥ በየቀኑ የሚኖረው ቤተሰቡ ነው።

ከወጥ ቤቱ እንጀምር። ቤታችን ካለው ዕቃ የኤሌክትሪክ ምጣድን ያህል ኃይል የሚበላ ጥቂት ነው። ብዙዎቹ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባሉ። ባለ 3,500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይወስዳል። 10 አምፔር ተብሎ የተጻፈበት ዲቫይደር የሚችለው ደግሞ 2,200 ዋት ብቻ ነው። እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ሶኬቱ የሚግለው፣ ፕላስቲኩ የሚሸተው፣ አንዳንዴም የሚቀልጠው ለዚህ ነው። አደጋው የሚያገኘው ሳሎን የተቀመጠውን እንግዳ አይደለም። ምጣዱ አጠገብ የቆመችውን እናት ወይም የቤት ሠራተኛዋን ነው። ይሄ ነገር በጣም ያሳዝነኛል። ሳሎኑ በመብራት አሸብርቆ፣ የምታበስለው ሰው ደኅንነት በአንድ ርካሽ ዲቫይደር ላይ ይንጠለጠላል።

ለምጣዱ ከብሬከር ሳጥኑ የሚነሳ የራሱ መስመር ይዘርጋለት። የራሱ ብሬከር ይኑረው፣ ሽቦው ወፈር ይበል፤ 4 ሚሊሜትር ካሬ ቢሆን ጥሩ ነው። የመሬት ሽቦውም አይረሳ። ብሬከሩ በወደቀ ቁጥር "በትልቅ እንቀይረው" የሚል ሠራተኛ ካጋጠማችሁ አሰናብቱት። ሽቦው ሳይቀየር ብሬከሩ ብቻ ካደገ፣ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ሲግል የሚያቋርጠው ነገር አይኖርም። ይህ ሁሉ የሚሠራው ደግሞ ግድግዳው ሳይለሰንና ሳይቀባ ነው። ከቀለም በኋላ ከታሰበ ግድግዳው እንደገና ይቦረቦራል፣ ወጪውም እጥፍ ይሆናል።

ውሃውም እንደዚሁ ነው። ብዙ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚያገኘው። ላይኛው ፎቅ ላይ ግፊቱ ስለሚደክም ሌሊት ነቅተው የሚቀዱ ብዙ ናቸው። ሮቶ የግድ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ መጠኑና የሚቀመጥበት ቦታ ነው። 1,000 ሊትር ውሃ 1,000 ኪሎ ይመዝናል። ይህን በረንዳ ላይ መስቀል 14 ያህል ጎልማሶችን አንድ ጥግ ላይ ቀን ከሌሊት አቁሞ እንደማሳደር ነው። በረንዳ ደግሞ ከሕንፃው ወጣ ብሎ የተንጠለጠለ አካል ነው። እስቲ እናስላው። አምስት ሰው ያለበት ቤት ለአንድ ሰው በቀን 40 ሊትር ቢደርሰው 200 ሊትር ይፈጃል። ስለዚህ 500 ሊትር ሁለት ቀን ተኩል ያስኬዳል። ፈረቃችሁ ከዚያ የማይርቅ ከሆነ ትልቁ ሮቶ ለምን? የሚርቅ ከሆነ ደግሞ ቦታውን ለሕንፃ መሐንዲስ አሳይቶ መወሰን ነው።

መታጠቢያ ቤት ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሴራሚኩ ከመነጠፉ በፊት ውሃ እንዳያሰርግ የሚቀባው ይቀባ። ከዚያ ፍሳሹ ተደፍኖ ወለሉ ላይ ውሃ ይሙላና 24 ሰዓት ይቆይ። በማግስቱ የታችኛውን ጎረቤት አንኳኩቶ ኮርኒሱን ማየት ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጎረቤት ከጎረቤት የሚያቃቅረው አንዱ ትልቁ ነገር ከላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የሚበላሸው ብዙ ብር የወጣበት የታችኛው ሰውዬ ጂብሰም ነው።

"ብር ይዞ መቀመጥ ኪሳራ ነው" የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ፤ እውነትም አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ዕቁብ የወጣለት ሰው ብሩን ቶሎ ወደ ዕቃ ቢቀይር አይፈረድበትም። ግን ወደ የትኛው ዕቃ? ሽቦ፣ ብሬከር፣ ቧንቧና ሴራሚክ ቢቀመጡ አይበላሹም፤ ነገም ያስፈልጋሉ። ሲሚንቶ ግን እርጥበት ስቦ በወራት ውስጥ ኃይሉን ስለሚያጣ ሥራው ሲደርስ ይገዛ። ሶፋውም ይቆይ። ቤቱ ሳይቀባ የተገዛ ሶፋ አቧራና ቀለም ይጠጣል።

ሴራሚክ ስትገዙ ከልኩ 10 በመቶ ያህል ጨምራችሁ ያዙ። ካርቶኑ ላይ ያለው የምርትና የቀለም ቁጥር አንድ ዓይነት መሆኑንም እያንዳንዱን ካርቶን አዙራችሁ እዩ። በዓመቱ ሁለት ቢሰበርባችሁ ያንኑ መልክ መርካቶን አዳርሳችሁም ላታገኙት ትችላላችሁ።

ዕቃውን በተቻለ መጠን ራሳችሁ ግዙ፣ ደረሰኝም ተቀበሉ። ለሠራተኛው የእጅ ዋጋውን ብቻ ተነጋገሩ። ቀብዱ ትንሽ ይሁን፣ ቀሪው ሥራው በደረሰበት ልክ ይከፈል። እንዲህ ሲሆን ሠራተኛውም በዕቃ ዋጋ አይጠረጠርም፣ እናንተም ግማሽ ላይ ተጥሎ በሄደ ሥራ አትጨነቁም። የተስማማችሁበትን በአንድ ገጽ ወረቀት ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ዘመድ ቢሆንም፤ እንዲያውም ዘመድ ከሆነ የበለጠ።

ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ደግሞ የተቀበረውን ሽቦና ቧንቧ ሁሉ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ከወለሉና ከጥጉ ያለው ርቀት እንዲታወቅ ሜትር ዘርግታችሁ አብራችሁ አንሱ። ነገ መጋረጃ ወይም ቁምሳጥን ሊሰቅል ድሪል ይዞ የሚመጣው ልጅ የቱ ጋ መብሳት እንደሌለበት ከዚያ ፎቶ ላይ ያያል።