ጌቶች በድብ ላይ

ሰሞኑን ደግሞ መጡብን። ታውቋቸዋላችሁ መቼም። ከጀርባ ቫዮሊን ከፍተው፣ ድምፃቸውን ጎርነን አድርገው፣ «ይህ አስገራሚ ሰው ማን ነበር?» የሚሉን የታሪክ ተራኪዎች። የሰሞኑ ጀግናቸው ጆን ሚተን ናቸው፤ የእንግሊዝ ባለርስት፣ የሽሮፕሽር ሰው፣ ለአጭር ጊዜም የፓርላማ አባል። አገራቸው «እብዱ ጃክ» ይላቸዋል፤ በፍቅር ነው አሉ።

ተሸንፌያለሁ። እኔም ከዛሬ ጀምሮ አድናቂያቸው ነኝ።

መጀመሪያ ትጋታቸውን እናድንቅ። ጌቶች በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1796 ተወለዱ። በሁለት ዓመታቸው አባታቸው ሞቱና ሀልስተን የተባለው ርስት የእሳቸው ሆነ። አድገው ሲረከቡት በዓመት 10 ሺህ ፓውንድ ያህል የሚያስገባ ነበር። ለዚህ ሁሉ ሀብት የከፈሉት ዋጋ መወለድ ነው። መወለድ ደግሞ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በዚያ ዘመን በሳምንት 10 ሽልንግ፣ ማለትም ግማሽ ፓውንድ ገደማ ያገኝ የነበረው የእርሻ ሠራተኛም ተወልዶ ነበር፤ ቤት ተሳሳተ እንጂ።

ቀጥሎ የሕዝብ አገልግሎታቸው። በ1819 በሽሮፕሽሯ ከተማ በሽሩዝበሪ ለፓርላማ ቀረቡ። ለመራጩ የ10 ፓውንድ ኖት እያደሉ፣ በጠቅላላው 10 ሺህ ፓውንድ ያህል በትነው አሸነፉ ይባላል። እዚህ ላይ ቅር የሚለው ሰው አይጠፋም። የዛሬው ተመራጭ የሚያድለን ተስፋ ነው፤ እሳቸው ጥሬ ገንዘብ ሰጡ። ድምፅ በምስጢር መስጠት የመጣው በ1872 ስለሆነ፣ የተቀበለ ሰው ቃሉን መጠበቁም በአደባባይ ይታይ ነበር። ከዚህ በላይ ምን ግልጽነት አለ?

ከዚያ ለንደን ወርደው ምክር ቤት ገቡ። ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጡ። ሰለቻቸው። ወጡ። ሒሳቡን ስንሠራው እያንዳንዷ ደቂቃ 333 ፓውንድ ወጥቶባታል። የእርሻ ሠራተኛው የአሥራ ሁለት ዓመት ከምናምን ደሞዝ ማለት ነው። ለአንድ ደቂቃ! ግን ልብ በሉ፣ በዚያ ግማሽ ሰዓት ማንንም የሚጎዳ ሕግ አላወጡም። ስንቱ ፖለቲከኛ ነው እንዲህ የሚባልለት?

አሁን ወደ ድቧ እንምጣ። እንግዶች ለእራት ተሰብስበዋል። በሩ ተከፈተ። ጌቶች ሙሉ የአደን ልብሳቸውን ለብሰው ድብ ላይ ተቀምጠው ገቡ። ድቧ ስም አላት፤ ኔል ትባላለች። እንግዳው ወንበር ላይ ወጣ፣ መስኮት ፈለገ። ኔል መጀመሪያ ታገሠች። ጌቶች ኮርኩረው ሊያስጋልቧት ሲሞክሩ ግን ባታቸውን ነከሰችው። እኔ መቼም ከኔል ጎን ነኝ። በዚያ ቤት ለጌቶች «በቃ!» ያለቻቸው እሷ ብቻ ናት። እንዲያውም ሽሩዝበሪ እሷን ቢመርጥ ኖሮ ምን ይጎድልበት ነበር? 10 ፓውንድ አታድልም፤ ኪስ የላትም። ምክር ቤት ብትገባ ከግማሽ ሰዓት በላይ መቀመጧ አይቀርም። ተቃዋሚ ሲናገር አታቋርጥም፤ ቢበዛ ባቱን ትነክሳለች። ብርዱ ሲመጣ ድብን ብላ መተኛቷም ቢሆን ከብዙ የተከበሩ አባላት አይለያትም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው ጀርባዋ ላይ ወጥቶ ሲኮረኩራት ምን እንደሚሰማ ታውቃለች። ከጭሰኛ ጋር የሚያግባባ የሕይወት ልምድ ነው ይሄ።

ጌቶች 3 ሺህ ሸሚዝ ነበራቸው ይባላል። አንዱን የሌሊት ልብስ፣ አበዳሪ ሸሽተው የፈረንሳይ ወደብ ካሌ በገቡ ጊዜ፣ ስቅታ ሲይዛቸው በሻማ ለኮሱት። ለብሰውት እያለ። ስቅታው ለቀቃቸው፤ ቆዳቸውም እንዲሁ። ተራኪያችን እዚህ ላይ «ሕይወትን እንዴት እንደወደዳት ተመልከቱ» አለን።

ሕይወትን! የማንን ሕይወት? ያ ሁሉ ወይን፣ ያ ሁሉ ፈረስ የመጣው ከገበሬ ኪራይ ነው። በ1828 በወጣው ሕግ፣ ልጁ የራበው ሰው ሌሊት ጥንቸል ሊያጠምድ ሲገባ ለሦስተኛ ጊዜ ቢያዝ ሰባት ዓመት ባሕር ማዶ ሊጋዝ ይችል ነበር። የሚፈርዱበት የአካባቢው ዳኞች ደግሞ ራሳቸው ባለርስቶች ናቸው። ይሄ ሰውዬ በ1823 የሽሮፕሽር ሸሪፍ ነበር፤ ሕግ አስከባሪ ተብሎ! ድሃው ሸሚዙን ለኩሶ ቢገኝ አስረው ያስቀምጡት ነበር እንጂ ቫዮሊን አይከፍቱለትም። የሀብታም ቅብጠት ሁለት መቶ ዓመት ሲቆይ ጨዋታ ይሆናል ያለው ማነው?

ይቅርታ፤ ውዳሴ ላይ ነበርን።

የርስታቸው ወኪል ለስድስት ዓመት በዓመት በ6 ሺህ ፓውንድ ብቻ ቢኖሩ ርስቱ ሳይሸጥ እንደሚተርፍ ነገራቸው አሉ። ጌቶች በ6 ሺህ የሚኖር ሕይወት ይቅርብኝ አሉ። አቋም ማለት ይሄ ነው። በ1834 በ37 ዓመታቸው ለንደን ውስጥ በባለዕዳዎች እስር ቤት አረፉ። ቀብራቸው ላይ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወጣ ይላሉ። አልፈርድበትም። የሰው 10 ፓውንድ በልቶ ቀብር መቅረትማ ነውር ነው።