ማስተካከያ፦ ኤንቪዲኤ አይሸጥም፣ ስልክ ላይም አይጫንም

ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ ተማሪዎች ዘንድ «ማየት የተሳናችሁ፣ ኤንቪዲኤን ገዝታችሁ ስልካችሁ ላይ አስጭኑ» የሚል መረጃ ሲዞር ነበር። ትክክል አይደለም። ኤንቪዲኤ ስክሪን አንባቢ ነው፤ ማለትም ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም። የሚሠራው በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ የሚወርደውም በነፃ ነው። ለዚህ ብር ማስከፈል ግፍ ነው። አብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ቶክባክ የሚባል የስልክ ስክሪን አንባቢ አብሮ ይመጣል፤ ሴቲንግ ውስጥ «አክሰሲቢሊቲ» ገብቶ ማብራት ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን ጭራሽ አልተነሳም። ሀንድአውት በስልክ ፎቶ ተነስቶ ፒዲኤፍ ሲሆን ገጹ ምስል ብቻ ነው። ስክሪን አንባቢው የሚያነበው ፊደል ስለማያገኝ ዝም ይላል። መምህራን፣ እባካችሁ የወርድ ፋይሉን ራሱን ላኩላቸው። ከፎቶ ሌላ ከሌለ በኦሲአር (ከምስል ላይ ፊደላትን ለይቶ በሚያወጣ ፕሮግራም) ወደ ጽሑፍ ይቀየር፤ የአማርኛ ፊደላትን ስለሚያምታታ ግን ሳይላክ በፊት ሰው ይየው።